የመጀመሪያ አይረናችሁን ከመግዛታችሁ በፊት

«ጎልፍ ጀምሬያለሁ፤ የትኛውን አይረን ልግዛ?» እያሉ የሚደውሉልኝ ወገኖች አሉ። አይረን ማለት ጭንቅላቱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ ነው። አብዛኞቹን የሥራ ባልደረባ ነው ጎትቶ ያስገባቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ኳሷ የዱላችሁ ፊት ላይ የት ጋ ነው የምታርፈው? እስካሁን የመለሰልኝ ጥቂት ሰው ነው።

እኔም አላውቅም ነበር። ሜሪላንድ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ብሌድ የሚባለውን ስስና እንደ መስታወት የሚያበራ አይረን ገዛሁ። ቴሌቪዥን ላይ የማያቸው ተጫዋቾች የያዙት ዓይነት ነበርና ልቤ ተሰቀለ። በኅዳር ብርድ የመጀመሪያዋን ኳስ ስመታ ንዝረቱ ከጣቴ ተነስቶ ክርኔ ድረስ ዘለቀ። ኳሷ ሠላሳ ሜትር እንኳ አልሄደችም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ተብሰለሰልኩ።

የብሌድ ክብደት መሐል ላይ የተከማቸ ነው። መሐሉን ለሚያገኝ ሰው ኳሷን እንደ ልቡ ያዝለታል። ትንሽ ከሳቱ ግን የዱላው ጭንቅላት ይጠመዘዛል፣ ርቀቱም ይጠፋል። ጀርባው የተቦረቦረው ካቪቲ ባክ ክብደቱ ወደ ዳር ስለተገፋ ብትስቱም ብዙ አይጠመዘዝም። ይህን አሠራር ያስፋፋው የፒንግ መሥራች ካርስተን ሶልሃይም ነው። በልጅነቱ ከኖርዌይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ ጫማ እየሰፋ የኖረ፣ ኋላም መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ፣ ባልደረቦቹ ጋብዘውት ነበር። የእኛን ሕይወት ስለሚመስል ታሪኩን እወደዋለሁ።

አሁን እናንተ ራሳችሁን ፈትኑ። ከፋርማሲ የእግር ፓውደር ስፕሬይ ግዙ። መለማመጃ ሜዳ ላይ የሰቨን አይረናችሁን (የ7 ቁጥሩን) ፊት በስሱ ነፍታችሁ ምቱ። ኳሷ ክብ ምልክት ትታ ትሄዳለች። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ድገሙት። ከአሥር ኳስ በኋላ ምልክቶቹ እዚህም እዚያም ከተበተኑ ታቹ ሰፊ የሆነውን ትልቁን ካቪቲ ባክ ያለ ሐፍረት ግዙ። አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ነው አነስ ወዳለ ጭንቅላት የሚታለፈው። ብሌድ ገና ሩቅ ነው።

ሻጩ «ይሄኛው ሰቨን አይረን በጣም ይርቃል» ሲላችሁ ሎፍቱን፣ ማለትም ፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለበትን ዲግሪ፣ ጠይቁ፤ ዲግሪው ሲያንስ ኳሷ ትርቃለች። ለጀማሪ የሚሠራው ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ የብሌዱ 34 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዱላው አንድ አይደለም። 3 እና 4 አይረንን ተዉአቸው፣ በምትኩ ሃይብሪድ የሚባለው ጭንቅላቱ ወፈር ያለ ዱላ ይሻላችኋል። ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ግን ሰባትም ይበቃል።

ቀኑን ሙሉ መሪ ይዛችሁ ወይም በሽተኛ ስታነሱ ውላችሁ ክርንና ትከሻችሁን የሚያማችሁ፣ እባካችሁ ግራፋይት ሻፍት (የዱላው ዘንግ) ምረጡ። ከብረቱ ይቀላል፣ ንዝረቱንም ያበርዳል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ፊቱ ላይ ባሉት ቦዮች ጥፍራችሁን አሳልፉ። ጥፍራችሁ ካልያዘ አልቀዋል ማለት ነው፤ መልሱትና ሌላ እዩ።