ማኅደረማርያም ለምትባል ልጅ ምን ዓይነት የመካከል ስም ይስማማል?

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ስም በባለቤትሽ እናት ስም ማኅደረማርያም እንዲሆን ተወስኗል። የቀራችሁ የመካከል ስም ነው። በእጃችሁ ያሉት ሰላም፣ ማርታ እና ኤልሳቤጥ ናቸው። ዮሐንስ የሚባሉት አባትሽም በሆነ መንገድ እንዲታወሱ ትፈልጊያለሽ። የመካከል ስም ስትዪ የአባት ስም ማለትሽ እንዳልሆነና ለልጅቷ ከመጀመሪያው ቀጥሎ የሚወጣላት የራሷ ሁለተኛ ስም እንደሆነ ገብቶኛል።

በዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ የምናገረው አንዴ ስለተሳሳትኩ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ስሟ ክርስቶስሠምራ ነው። ስሟ ይህን ያህል ከረዘመ የሚከተለው ማጠር አለበት ብለን አና አልናት። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ለክትባት ይዣት የሄድኩ ቀን መዝጋቢዋ ስሟን ጠየቀችኝና «ክርስቶስሠምራ አና» አልኳት። ብዕሯን እንደያዘች ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እኔም ዝም አልኩ። በመጨረሻ ቀና ብላ «እና ማን? መንታ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ አላስታውስም። የመጀመሪያው ስም በ«ራ» ያልቃል፣ ሁለተኛው በ«አ» ይጀምራል፤ ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። የተረፈው «ና» ደግሞ በአማርኛ ሥራ ያለው ቃል ነው። በኋላም የአውሮፕላን ትኬት ስንቆርጥላት ሁለቱ ስሞች ያለ ክፍተት ተጣብቀው ወጡ። የትኬት መመዝገቢያዎች የመጀመሪያውንና የመካከሉን ስም አንድ ላይ ማጣበቃቸው የተለመደ ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ሁለት «ኤ» ጎን ለጎን ገጥመው፣ እናቷ ሆኜ እንኳ ስሟን ለማንበብ ጣቴን ማስኬድ ነበረብኝ።

ስለዚህ «ለረጅም ስም አጭር የመካከል ስም» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ከርዝመቱ በፊት መገጣጠሚያውን አዳምጪ። ለወንዱ ልጄ ናትናኤል ልዑል ልንል ነበር። ፈጠን ብላችሁ ጥሩት፤ አንደኛው «ል» የት እንደገባ አይታወቅም። ያን ጊዜ ግን ነቅተን ስለነበር ናትናኤል ብሩክ ብለን ተገላገልን። በዚህ መለኪያ ማርታ ትወድቃለች። ማኅደረማርያም በ«ም» ያልቃል፣ ማርታ በ«ማ» ይጀምራል፤ አንድ ላይ ሲጠሩ «ም» ይጠብቅና ሁለቱ ስሞች አንድ ቃል ይመስላሉ። በዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሦስት «ማ» ይሆናል።

ርዝመትን ስትለኪ ደግሞ ፊደል አትቁጠሪ። ፊደላችን እዚህ ላይ ያታልላል፤ ብዙዎቹ ሳድስ ሆሄያት የራሳቸው አናባቢ ስለሌላቸው ከጎረቤታቸው ጋር ተደርበው ነው የሚነበቡት። ማኅደረማርያም ስምንት ፊደል ነው፤ አፍ ላይ ግን ማኅ-ደ-ረ-ማር-ያም፣ አምስት ቀለም። ኤልሳቤጥ አምስት ፊደልና ሦስት ቀለም ነው፤ ሰላም ሁለት ቀለም። አምስት ከሦስት ጋር፣ አምስት ከሁለት ጋር፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ከአምስት ቀለም በኋላ አንዲት ቀለም ብቻ ያላት ስም ግን ደረጃ ወርዶ የጨረሰ ሰው የሌለ ደረጃ ሊረግጥ እግሩን እንደሚሰነዝረው ነው፤ በተለይ የቤተሰቡም ስም አጭር ከሆነ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርገሽ ጮክ ብለሽ ካላነበብሽው አይታወቅሽም።

ሰላምን በተመለከተ፣ ስሙ ራሱ ውብ ነው፤ ችግሩ ከሌላ ስም ቀጥሎ ሲመጣ ሰላምታ መምሰሉ ነው። «ማኅደረማርያም ሰላም» ብለሽ ስትጠሪ፣ አጠገብሽ የቆመው ሰው «ሰላም» ብሎ ይመልስልሻል። ስሞቻችን ትርጉም ያላቸው ቃላት ስለሆኑ ሁለቱ ሲገጥሙ ሐረግ መሥራታቸው አይቀርም። መነሻ ፊደሎቹንም እንዲሁ አንድ ላይ አድርገሽ እዪ። ሞገስ ትንሣኤ ማለት ምን ክፋት አለው? በአጭሩ ሲጻፍ ግን ሞ.ት. ይሆናል።

አንድ ሰው ረጅም ስም ፓስፖርት ላይ አይበቃም ብሎ አስፈራርቶሻል፤ ነገሩ ያን ያህል አያስፈራም። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራበት የፓስፖርት ደብተር፣ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ባለው ማሽን በሚያነበው መስመር ላይ ለስም የተተወው ቦታ 39 ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ሁለት ቦታ መለያ ይከተላል፣ ከዚያ የተቀሩት ስሞች በመካከላቸው አንድ አንድ ቦታ እየተተወ ይገባሉ። ማኅደረማርያም በላቲን ሲጻፍ 13 ፊደል ያህል ነው። የቤተሰብ ስማችሁ 12 ፊደል ቢሆን እንኳ ለመካከሉ 11 ቦታ ይተርፋል። ኤልሳቤጥ ይገባል፤ እንደ ማኅደረማርያም ያለ ሌላ ረጅም ስም ግን ተቆርጦ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ረጅም ስም ላላት ልጅ የመካከል ስም የመጠለያ ቤት ነው። የእኔዋ አንደኛ ክፍል ስትገባ የደብተሯ መለያ ላይ ለስም የተተወችው ነጠብጣብ መስመር አጭር ነበረች። «ክርስቶስ» ብላ መስመሩን ጨረሰችው፤ «ሠምራ»ን ወደ ታች በወረቀቱ ጠርዝ አስኬደችው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከመለያው ወጥታ ደብተሩ ላይ አረፈች። በዓመቱ አዲስ ደብተር ስንገዛ ማንንም ሳታማክር «አና» ብቻ ብላ ጻፈች። አሁን ጓደኞቿ ሌላ ስም እንዳላት እንኳ አያውቁም። ከጎረቤቱ ጋር ያልተስማማው ስም ብቻውን ሲቆም ምንም አልሆነም። እርግጥ በመካከል ስም መጠራት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሪሃና የመጀመሪያ ስሟ ሮቢን ነው፣ ፖል ማካርትኒም ጄምስ ፖል ነው። እና የመረጣችሁትን ስም ብቻውን አቁሙት፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ በእርሱ ብቻ ብትጠራ ደስ ይላችኋል?

የአባትሽ ነገር ይቀራል። ሁለት ወገን ማስታረቅ ከባድ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ኤስ ትሩማን «ኤስ» የምንም ስም ምህጻር አልነበረም፤ በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም የነበራቸውን ሁለቱንም አያቶቹን ለማክበር ወላጆቹ ፊደሉን ብቻ ሰጡት። ብልሃት ነው፤ ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያብራራ ይኖራል። የተሻለው መንገድ የስሙን ትርጉም መከተል ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1756 ሲጠመቅ ከተሰጡት ስሞች አንዱ ቴዎፍሎስ ነበር። አማዴዎስ የምንለው የዚያው ስም የላቲን ፍቺ ነው።

ዮሐንስ በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» እንደማለት ነው። ጸጋ የሚለውን ክፍል ብቻውን ብታወጪው ሐና ይሆናል፤ የሁለቱ ስሞች ሥር አንድ ነው። ሁለት ቀለም፣ በላቲንም አምስት ፊደል። በ«ም» ካለቀ ስም ቀጥሎ «ሐ» ጥርት ብሎ ይሰማልና የእኔ ዕጣ አይደርስሽም። ማኅደረማርያም ማለት ደግሞ የማርያም ማደሪያ አይደል? በትውፊታችን ማርያምን በማኅፀኗ የተሸከመቻት እናቷ ሐና ናት። አማትሽ ይህን ሲሰሙ የሚከራከሩ አይመስለኝም፤ አባትሽም ስማቸው የት እንዳለ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ባለቤትሽ እሺ ካላለ ኤልሳቤጥ አይከፋም። ማርታን ግን ለሚቀጥለው ልጅ አስቀምጪው።