ለአጋዘን አደን ቀለል ያለ፣ ኪስ የማይጎዳ ሰሚ አውቶማቲክ፦ ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ዳላስ አካባቢ ነህ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን ልታድን ነው። ያለህ 900 ዶላር ነው፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩም የአደን ፈቃዱም ከዚያው የሚወጣ። ቀኝ ትከሻህ ሥራ ላይ ተጎድቷል። ስለዚህ ቀላል፣ ትከሻ የማይደበድብ፣ ራሱን በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ትፈልጋለህ። መሬት ያለው ወዳጅ ስለሌለህ የምትገባው የሕዝብ ደን ነው። ከኔ በፊት ከመለሱልህ ግማሹ «ኤአር ግዛ» ብሎሃል፣ ያንን የወታደሩን ኤም 16 የሚመስለውን ሰሚ አውቶማቲክ፤ ግማሹ «ኤአር እንዳትነካ»። ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም።

እኔ ቴክሳስ ውስጥ ሳድን 11 ዓመቴ ነው። ሊቅ አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ የባከነብኝ ሰው ነኝ።

ከክብደቱ ልጀምር። ሱቅ ውስጥ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክብደት የባዶ ጠመንጃ ነው። 7 ፓውንድ፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ገደማ ካለ፣ እጅህ ላይ 7 ፓውንድ ሆኖ አይቆይም። መነጽሩ ከነማሰሪያው አንድ፣ አንድ ተኩል ፓውንድ ይጨምራል። ማንገቻው አለ። ጥይቱ አለ። ጫካ ስትገባ 9 ፓውንድ ተሸክመሃል፣ አራት ኪሎ።

የመጀመሪያው ጠመንጃዬ ወፍራም አፈሙዝ ያለው፣ .308 የሚባለውን ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ነበር። ባዶውን 9 ፓውንድ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ትልቅ መነጽር ጫንኩበት፣ 11 ፓውንድ አለፈ። ይዤው ሳም ሂውስተን የሚባለው የሕዝብ ደን ገባሁ። ጠዋት ላይ ጀግና ነበርኩ። ከሰዓት ግን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር የምሄደው። አንዱ ትከሻ ሲደክም ወደ ሌላው አዞረዋለሁ። እንደዚያ እያዞርኩት ሳለ አሸዋማው መንገድ ላይ አጋዘን ወጣ። 60 እርምጃ ቢሆን ነው። አየኝ፣ አየሁት፣ ሄደ። (የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተበት ኤም ዋን ጠመንጃ ባዶውን 9.5 ፓውንድ ነው። እነዚያ ሰዎች በዚያ ተራራ ምን እንደበሉ አላውቅም።)

የግል መሬት ላይ፣ እንደ ሳጥን ያለ መደበቂያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለህ አጋዘኑ ወደ መመገቢያው እስኪመጣ የምትጠብቅ ቢሆን ኖሮ ስለ ክብደት አትጨነቅ እልህ ነበር። አብዛኛው የቴክሳስ አደን እንደዚያ ነው። አንተ ግን በእግርህ ነህ። ስለዚህ ከነመነጽሩ ከ8 ፓውንድ እንዳያልፍ።

ቀላል ጠመንጃ ግን መዘዝ አለው። ያው ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲወጣ ትከሻን ይበልጥ ይመታል። ሰሚ አውቶማቲክ ጋዙን ለማቀባበያው ስለሚጠቀምበት ምቱን ትንሽ ያለዝበዋል። ትንሽ ነው ያልኩት። ከዚያ ይልቅ ትከሻህን የሚያድንህ የጥይቱ መጠን ነው። የ.308ን ሐሳብ እርሳው። ጎበዝ ጥይት ነው፣ ግን ላንተ አይሆንም። ሰው ምቱን ሲፈራ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። የተጨፈነ ዓይን ደግሞ አጋዘን አቁስሎ ይሰዳል።

ታዲያ ምን ይሁን? ቴክሳስ ለአጋዘን የምትጠይቀው ሴንተርፋየር ጥይት፣ ማለትም ማቀጣጠያው ቂጡ መሃል ላይ ያለ እንዲሆን ነው። ማቀጣጠያው ጠርዙ ላይ ያለው .22 ሪምፋየር አይፈቀድም፣ ሌላው ክፍት ነው። ባንተ በጀት ሦስት የጥይት ዓይነቶች አሉ።

.223 አለ። ምቱ የለም ማለት ይቻላል፣ ጥይቱም ከሁሉም ርካሽ ነው። ለአጋዘን ግን ጠርዝ ላይ ያለ ጥይት ነው። በርካሽ የሚሸጠውን፣ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነውን የልምምድ ጥይት ለአደን አትጠቀም። ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል እንጂ አይገድልም። 62 ወይም 64 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው)፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ፣ ለአደን የተሠራ ግዛ። ከ100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) በላይ አትተኩስ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ። ጎኑን ሙሉ ካልሰጠህ ተወው።

7.62 በ39 አለ፣ የምናውቀው የክላሽ ጥይት። ለአጋዘን እስከ 150 ያርድ በቂ ነው፣ አሜሪካኖች .30-30 ከሚባለው አሮጌ የአደን ጥይት ጋር ያወዳድሩታል። ድሮ ርካሹ የሩሲያ ጥይት ነበር የሚያስመርጠው። በ2021 አሜሪካ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመች ወዲህ ያ ጥቅሙ ቀንሷል።

ሦስተኛው 6.5 ግሬንደል ነው። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ምቱ ከ.308 ግማሽ ገደማ ነው፣ ግን አጋዘንን በ200 ያርድ በትክክል ይጥላል። ጥይቱ ከ.223 ይወደዳል። የልምምድ ጊዜ ኪስህ ይሰማዋል።

ወደ ጠመንጃው ስመጣ፣ «ኤአር እንዳትነካ» ያሉህን ሰዎች ስሜት ይገባኛል። መልኩ የጦር ሜዳ ነው። አገር ቤት ብንሆን አደን በምንሽር ነው ይሉሃል። እኔም ለሁለት ዓመት በዚያ ስሜት ተከራክሬያለሁ። ግን 900 ዶላር ይዘህ፣ ቀላል ፈልገህ፣ ሰሚ አውቶማቲክ ፈልገህ ሂሳቡን ስትሠራው የሚቀርህ እሱ ነው። ተራው ኤአር 6.5 ፓውንድ አካባቢ ነው። በ.223 ከ500 እስከ 700 ዶላር ይገኛል፣ በግሬንደል ትንሽ ይጨምራል። ሰደፉ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር በወፍራም ጃኬትም ያለ ጃኬትም ይገጥምሃል። ለተጎዳ ትከሻ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። 30 ጥይት የሚይዘውን ረጅም ካርታ ተወው፣ ባለ 5ቱን ግዛ። ይቀላል፣ ቁጥቋጦም አይዝህም።

ሌላም ጥሩ ነገር አለው። ጠመንጃው ለሁለት ይከፈላል። በሕግ ጠመንጃ የሚባለው፣ ፎርም የሚሞላበት፣ ቁጥር ያለበት የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በ.223 ገዝተህ፣ ለከርሞ የግሬንደሉን የላይኛ ክፍል ከነካርታው ለብቻው ማዘዝ ትችላለህ። በፖስታ፣ እቤትህ ድረስ ይመጣል።

ግን አንድ ነገር በጥብቅ አደራ። ብላክአውት የሚባል .300 ጥይት አለ። ለኤአር የተሠራ ነው፣ በ.223 ካርታም ይገባል። ያን ጥይት በስሕተት .223 ጠመንጃ ውስጥ ብትከትተው አንዳንዴ ይዘጋል፣ ስትተኩሰው ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አታኑር። እኔ ብላክአውት ያልገዛሁት በዚህ ብቻ ነው፣ ጥይቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። ሩገር ሚኒ-14 ደስ የሚል ነው፣ እንጨት ሰደፍ፣ ወደ 7 ፓውንድ። ሚኒ ሠርቲ የሚባለው ወንድሙ የክላሽ ጥይት ይበላል። ሁለቱም ዛሬ አዲሳቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ከ2005 በፊት የተሠራ አሮጌ ሚኒ-14 ካገኘህ፣ አነጣጥሮ የመምታት ችሎታው ደካማ እንደነበር ዕወቅ። ብራውኒንግ ባር የጌቶች ነው፣ እለፈው። ሩገር በ2022 ያወጣው ኤስኤፍኤአር .308ን በ6.8 ፓውንድ አስገብቶታል። ሳየው ቀናሁ፣ ግን ዋጋውም ምቱም ላንተ አይደለም።

ሲሞኖፍን፣ ያንን የድሮ የሩሲያ ጠመንጃ፣ የጠቆመህ ወንድም ልቤን ነክቶታል። ያኔ የማያውቀው ማን አለ። ግን 8.5 ፓውንድ ነው፣ መነጽር በደንብ አይቀበልም፣ የድሮው ርካሽ ዋጋውም ቀርቷል። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ እሺ።

በ400 ዶላር ያየኸው ሬሚንግተን 742 ደግሞ ያጓጓል። መልኩ የአደን ነው፣ ጥይቱም ኃይለኛ። ነገር ግን ከ1960 እስከ 1980 የተሠራ ነው። ብዙ የተተኮሰበት ከሆነ ማቀባበያው የሚንሸራተትበት የውስጥ ሐዲድ ተበልቶ ይገኛል። ያ ከተበላ ደግሞ ጥገና የለውም። ከፍተህ በባትሪ ሳታይ አንድ ዶላር አትክፈል።

ለመሆኑ ሰሚ አውቶማቲክ የግድ ነው? ትከሻህን ስላነሳህ አልከራከርህም። ግን ሁለተኛ ጥይት ቶሎ ይተኮሳል ብለህ ከሆነ፣ በ11 ዓመት ሁለተኛ ጥይት የጠቀመኝ አንድ ጊዜ ነው። እየጎተትክ የምታቀባብለው፣ እንደ ምንሽር ያለው፣ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ያነጣጥራል። ደግሞ ጸጥ ይላል። ሰሚ አውቶማቲክ ሲያቀባብል «ቻካ» ይላል። ድምፁን ፈርተህ ማቀባበያውን ቀስ አድርጌ ልዝጋው ብትል በደንብ አይዘጋም፣ ቃታውን ስትስብ ዝም ይልሃል። ደርሶብኛል። ስለዚህ መኪናው ዘንድ ሳይሆን፣ ከመንገዱ ወጥተህ ገና ሳይነጋ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገህ፣ ማቀባበያውን በሙሉ ኃይሉ ልቀቀውና ሴፍቲውን ዝጋ። ከዚያ አትንካው።

አሁን ገንዘቡ። 550 ለጠመንጃው። 150 ለመነጽርና ለማሰሪያው። የዳላስ ታክስ 8.25 ከመቶ ስለሆነ ወደ 58 ዶላር ይሄዳል። የነዋሪ የአደን ፈቃድ 25፣ የሕዝብ መሬት ዓመታዊ ፈቃድ 48። የቀረችው ለጥይትና ሌላ አዳኝ ከሩቅ እንዲያይህ ለሚለበሰው ብርቱካንማ ሰደርያ ነች። የሕዝብ መሬት ላይ ብርቱካንማው ግዴታ ነው፣ ኮፍያውም ጭምር። ለመነጽሩ 40 ዶላር አውጥተህ ልብህ እንዳይረጋ። እኔ አንዴ አውጥቻለሁ። ሦስተኛው ካርቶን ጥይት ላይ የምተኩሰው ከዒላማው ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። እኔ እጄ ነው ብዬ ስንት ጥይት ጨረስኩ።

ከሴፕቴምበር 2፣ 1971 (በፈረንጅ) ወዲህ የተወለድክ ከሆንክ የአዳኝ ትምህርት መውሰድ አለብህ። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያልቃል። ሱቅ ስትገዛ የፌዴራል ፎርም ትሞላለህ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ሌላ ሕግ አለበት፣ ጠበቃ ሳይጠይቅ እንዳይሞክር። ፎርሙ ስለ ዕፅም ይጠይቃል። የኛ ሰው ልብ የማይለው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። «ቅጠል ነው» ብለህ የምታልፈው ጥያቄ አይደለም።

ወደ ሌላ ስቴት ይዘኸው ስትሄድ ደግሞ እንደገና ጠይቅ። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 በታች አትፈቅድም፣ ስለዚህ .223ህ እዚያ ሕገወጥ ነው። ፔንሲልቬንያ አጋዘንን በሰሚ አውቶማቲክ ጠመንጃ ማደን ጭራሽ አትፈቅድም።

ስለ ሥጋው አልጠየቅክም፣ ግን ሳልለው አላልፍም። ዋናው የአጋዘን ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ጾመኛ ከሆንክ ትኩሱን ለመብላት ሦስት ሳምንት ግድም ነው ያለህ። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ገናን ይጠብቃል። እኔ ብዙውን ቋንጣ አደርገዋለሁ። ስብ ስለሌለው እንደ አጋዘን ለቋንጣ የሚመች ሥጋ አላየሁም። ጥብስ ካሰኘህ ቅቤ አትንፈገው። ጥሬውን ግን፣ ክትፎም ሆነ ቁርጥ፣ እንዳትሞክር፤ የዱር እንስሳ ነው። አሳማም ብዙ ታያለህ፣ ገበሬዎቹ ግደሉልን ብለው ይለምናሉ። ያንን ለራስህ ትቼዋለሁ።

ከመግዛትህ በፊት አንዴ ትከሻህ ላይ ሞክረው። እኔ .223ም ግሬንደልም አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሜስኪት አካባቢ ተኩስ መለማመጃ እሄዳለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሁለቱንም ትሞክራለህ። የግሬንደሉን ጥይት ግን አንተ ነህ የምትገዛው።