15 ፐርሰንት እና 15 ዲግሪ አንድ ጣሪያ አይደሉም

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ያለው የእናትህ ቤት የብሎኬት ነው፣ 7 ሜትር ስፋት አለው፣ ክዳኑም ከመሃል ለሁለት ይወርዳል ብለሃል። አናጢው ያለውን ጣሪያ ለክቶ «ስሎፑ 15 ነው» አለህ፣ ፕላኑም ላይ 15 ተጽፏል። ግን ከጣሪያው አናት እስከ ታች ጫፍ በአንድ መስመር አናጢው 3 ቆርቆሮ፣ ሌላ ሰው ደግሞ 2 ይልሃል፤ አንተም ልዩነቱ ከስሎፑ የመጣ መስሎሃል።

መጀመሪያ 15ቱን እንለይ። አናጢ ብዙ ጊዜ የሚያወራው በፐርሰንት ነው፤ ፕላኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን ትንሿን ክብ ካየህ ግን ዲግሪ ነው። ስሎፕ ማለት ከግድግዳው ጫፍ እስከ ኮልሞው (ሁለቱ ፊት የሚገናኙበት የጣሪያው አናት) ያለው ከፍታ ለአግድመቱ ሲካፈል ነው። አግድመቱ የቤቱ ግማሽ ነው፣ ያንተ 3.5 ሜትር። (ለ7ቱ የሚያካፍል አለ፤ እንደዚያ ከሆነ ስሎፑ በግማሽ ወርዶ ይታያል።) 15 ፐርሰንት ከሆነ በየሜትሩ 15 ሳንቲም ይነሳል፣ ኮልሞው ጋ ሲደርስ 52 ሳንቲም ተኩል። 15 ዲግሪ ከሆነ ግን ታንጀንቱ 0.268 ስለሆነ በየሜትሩ ወደ 27 ሳንቲም ነው፣ ድምሩ 94 ሳንቲም ገደማ። በስልክህ ስታሰላ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ መሆኑን እይ፣ ራዲያን ላይ ከሆነ ጉድ ነው የሚሰጥህ።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም። የጎኑ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ካልተለሰነ ብሎኬቱን ቁጠር። አንድ ረድፍ ከነሞርታሩ 21 ሳንቲም ያህል ነው፤ ሁለት ተኩል ረድፍ ካገኘህ 15 ፐርሰንት ነው፣ አራት ተኩል ከሆነ 15 ዲግሪ። ከተለሰነ በኮርኒሱ ቀዳዳ ግባና የ1 ሜትር ውሃ ልክ አንዱን ጫፍ ከካፕሪያታው (ጣሪያውን ከተሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) ተዳፋት እንጨት ሥር አስነካ። ወደ ኮልሞው አቅጣጫ አዙረህ አረፋውን መሃል አድርግና፣ ከነጻው ጫፍ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከዚያው እንጨት ለካ። ያገኘኸው ሳንቲም ራሱ ፐርሰንቱ ነው፣ ምንም ሂሳብ የለውም። የስልክ አፕ የምትጠቀም ከሆነ ስልኩን ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ላይ አድርገው፤ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ካስቀመጥከው የአንዷን ጉብታ ዘመም ነው የሚያነብልህ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። እዚህ ላይ ስሎፑን ያለ ጥፋቱ እየከሰሳችሁት ነው። ከግድግዳ ውጪ 50 ሳንቲም ሲወጣ አግድመቱ 4 ሜትር ይሆናል። በ15 ፐርሰንት የተዳፋቱ ርዝመት ወደ 4.05፣ በ15 ዲግሪ 4.14 ነው። ከፍታው 41 ሳንቲም ሲለያይ ርዝመቱ 10 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 2 ያለህ ሰው 4ን ለአንድ ቆርቆሮ ርዝመት፣ ለ2 ሜትር፣ አካፍሎ ድርቡን ረስቷል። ሁለት ቆርቆሮ 20 ሳንቲም ሲደራረብ 3.80 ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስሎፑ የትኛውም ይሁን፣ አናጢህ ልክ ነው።

እኔ ብሆን ግን ጣሪያው 15 ፐርሰንት ሆኖ ከተገኘ በአጭር ቆርቆሮ ቀጣጥዬ አልሠራም። በዚያ ዝቅታ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ የክረምቱ ነፋስ ደግሞ መልሶ በድርቡ ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያገሬው በረዶ ሲጠራቀምበት ይብሳል። እንጨቱን የምትቀይር ከሆነ በየሜትሩ 25 ሳንቲም አስነሳው፣ 14 ዲግሪ መሆኑ ነው። እንጨቱ ደህና ከሆነና የማትነካው ከሆነ፣ ድርብ እንዳይኖረው ከኮልሞ እስከ አሸንዳ አንድ ወጥ የሆነ ቆርቆሮ በልክ አስቆርጥ። 4.10 ይበቃሃል፣ አምስቷ ሳንቲም ወደ አሸንዳው ትገባለች። ከማዘዝህ በፊት ግን ሁለቱንም ፊት ለየብቻ ለካ፤ የድሮ ቤት ኮልሞው ብዙ ጊዜ ልክ መሃል ላይ አይደለም።