የመንግሥት ሲስተም ላይ ክፍተት አየሁ፤ ባሳውቅ እታሰራለሁ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ሰዎች የኦንላይን ፎርም እንድሞላላቸው ይመጣሉ። ሰሞኑን ለአንድ ደንበኛዬ የፈቃድ እድሳት ስሞላ፣ የማመልከቻ ቁጥሩን አንድ አሃዝ ተሳሳትኩ። የሌላ ሰው ፋይል ተከፈተ። ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁሉም አለ። ለማረጋገጥ ሌሎች ቁጥሮችም ሞከርኩ፤ ይከፈታሉ። አንደኛው ታይዋን ገበያ የሚሠራ የማውቀው ነጋዴ ነው። ጓደኛዬ «አቦ ቴሌግራም ላይ ልቀቀው፣ ወዲያው ያስተካክሉታል» ይለኛል። እኔ ለመሥሪያ ቤቱ መናገር ፈልጌ ፈራሁ። ምን ላድርግ? ነጋዴውንስ ላስጠንቅቀው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት፣ ሌላ ቁጥር እንዳትሞክር። ያየኸው ይበቃል።

ፍርሃትህ መሠረት አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3፣ ሆነ ብሎ ያለፈቃድ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ የደረሰን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ሥርዓቱ ለአንድ ተቋም አገልግሎት ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ይመጣል። ቁልፍ መሠረተ ልማት ነው ከተባለማ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። አንተ የገባህበት ማንም ተገልጋይ የሚጠቀምበት ገጽ ስለሆነ፣ «ለተቋሙ ብቻ» የሚለው አይመለከተውም ብሎ መከራከር ይቻላል። ያ ግን ፍርድ ቤት ከተቀረበ በኋላ የሚነሳ ክርክር ነው።

አንቀጹ የሚጠይቀው ፈቃድ ነበረህ ወይ፣ አስበህበትስ ነው ወይ የሚለውን ነው። ልብህ ቅን መሆኑ ቅጣት ሊያቀልልህ ይችላል፤ ፈቃድ ግን አይሆንልህም። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሆነ ብለህ ስላላደረግከው ወንጀል አይሆንም። ዐቃቤ ሕግ ጣቱን የሚቀስረው «ለማረጋገጥ» ብለህ በሞከርካቸው ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ልጅ የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት የኦንላይን ትኬት ሽያጭ ላይ ክፍተት አገኘ። 9,500 ፎሪንት የሚሸጠውን የወር ትኬት ዋጋውን ቀይሮ በ50 ፎሪንት ገዛና ወዲያው ለድርጅቱ በኢሜይል አሳወቀ። ጥቂት ቆይቶ ፖሊስ ያዘው። አገሬው በጣም ተቆጣ፤ ልጁን ለፖሊስ ያጋለጠው ግን ያ የሙከራ ግዢ ነው።

ቴሌግራሙን እርሳው። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን ያን የለጠፍክ ቀን የማታውቀው ሰው ሁሉ የሰውን መታወቂያ ይከፍታል። በዚያ ገብቶ ጉዳት ቢያደርስ አንተም አብረህ ልትጠየቅ ትችላለህ። በውጭ አገር አንዳንዶች፣ ለምሳሌ ፕሮጀክት ዜሮ የሚባለው የጉግል ክፍተት ፈላጊ ቡድን፣ ለባለቤቱ 90 ቀን ሰጥተው ካልተስተካከለ ይፋ ያደርጋሉ። የእኛ ሕግ ግን ቀኑ ስላለፈ ይፋ የማድረግ መብት አይሰጥህም። ገንዘብም እንዳትጠይቅ። «ብትከፍሉኝ አሳያችኋለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ጥቆማህን ወደ ማስፈራራት ይለውጠዋል። መሥሪያ ቤቱ ወይም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በይፋ ሽልማት ያለው የፍተሻ ጥሪ ያወጣበት ሲስተም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም ጥሪው እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ከመላክህ በፊት ጠበቃ ያንብበው። ይህን የምለው ጥብቅና ሥራዬ ስለሆነ አይደለም፤ ያ ወረቀት ነገ የእምነት ቃል ሆኖ ሊቀርብብህ ስለሚችል ነው። ውሸት አትጻፍ፣ የሞከርከውን አትደብቅ፣ ከኮምፒውተርህም ምንም አታጥፋ። መቼ፣ ምን ስትሠራ፣ ምን እንዳየህና መቼ እንዳቆምክ በአጭሩ ጻፍ። የሰዎቹን ስም አታካት። ስክሪንሾት አንስተህ ከሆነ ለማንም አትላከው፤ ጠበቃህ ይወስንበታል።

አሰጣጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ስለዚህ ሁለት ነገር አዘጋጅ። አንደኛው ግልጽ መሸኛ ነው፤ «በኦንላይን አገልግሎታችሁ ላይ ያየሁትን የደህንነት ክፍተት በታሸገ ፖስታ አቅርቤያለሁ» ብቻ ይበል። ዝርዝሩ ለኃላፊው በስሙ በታሸገ ፖስታ ይሁን፤ ላዩ ላይ «ምስጢር» ብለህ ጻፍበት። መሸኛውን በሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድና ባንተ ቀሪ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስደርግ እንዳትወጣ። ይህንኑ በዚያው ቀን ለኢንሳም አሳውቅ። የሳይበር ጥቃትና ክፍተት ጉዳይ የሚመለከተው እሱ ነው፤ ሁለት ቦታ የገባ ጥቆማ ደግሞ «አልደረሰንም» አይባልም።

ቢጠሩህ ሂድ፣ ግን ከጠበቃ ጋር። ዝም የማለትና ጠበቃ የማማከር መብትህ ሕገ መንግሥታዊ ነው። ሳታነብ አትፈርም። የዚህ አዋጅ ወንጀሎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ «ቀላል ነገር ነው፣ ቃልህን ሰጥተህ ትወጣለህ» ቢሉህ እንዳትዘናጋ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እንዳንተ ዓይነት ሰው መፍራቱ ያመኛል። ቤልጂየም በ2023 እ.ኤ.አ. በቅንነት ክፍተት ፈልጎ፣ የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታዎች አክብሮ ለሚያሳውቅ ሰው ከለላ የሚሰጥ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። እኛም ያስፈልገናል። እስከዚያው አንድ መሥሪያ ቤት «ክፍተት ያየ በዚህ አድራሻ ይጻፍልን፣ አንከስም» ብሎ ገጹ ላይ ቢለጥፍ ምንም ወጪ የለውም።

ነጋዴውን በተመለከተ፣ ብትነግረው ደስ ይለው ነበር፤ ግን አንተ አትንገረው። ወሬው በአንድ ቀን ታይዋንን ያዳርሳል፣ በሩም ገና አልተዘጋም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የግል መረጃ ሲጋለጥ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ ያለበት መረጃውን የያዘው አካል ነው። ከባድ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ለባለመረጃዎቹም ይነግራል። በፖስታህ መጨረሻ ላይ ይህን ግዴታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውሳቸው። የደንበኞችህን ፎርም መሙላቱን ቀጥል፣ የየራሳቸውን ቁጥር ብቻ እያስገባህ።