መልስ፦ መለያውን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዙረው

ጂኦባክተር የሚባለው ባክቴሪያ የሚሠራውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የፕሮቲን ክር (ናኖ ሽቦ) በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ለማሠራት ሞክረህ ለምን እንዳልወጣልህ ጠይቀሃል። ያልወጣልህ የሂስቲዲን መለያውን (የሂስቲዲን አሚኖ አሲዶች አጭር ቅጥያ) የጂኦባክተር ፒሊን (ሽቦው የሚገጣጠምበት ፕሮቲን) ፊተኛ ጫፍ ላይ ስለቀጠልከው ነው። ወደ ኋለኛው ጫፍ አዙረው።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ፊት ያለችውን መሪ ቁራጭ ኤንዛይም ቆርጦ ካልጣላት ፒሊኑ ሽቦው ውስጥ አይገባም። ከሷ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቆ የሽቦውን እምብርት ስለሚሠራ ባዕድ ነገር አይችልም። ኋለኛው ጫፍ ግን ወደ ውጭ የወጣ ነው። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎቹ እነ ዴሬክ ላቭሊ አጫጭር ፔፕታይዶችን (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን) የሰኩት እዚያ ነው፤ ሽቦውም ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን አላቆመም።

«ፒልኤ ጂኑን ብቻ ነው ያስገባሁት» ብለሃል፤ ፒሊኑን የሚያሠራውን ጂን ማለትህ ነው። እሱም አይበቃም። ፒሊኖቹን ገጥመው ሽቦ የሚያደርጉት ገጣጣሚ ፕሮቲኖች የግድ ያስፈልጋሉ። የላብራቶሪው ኢ. ኮላይ የራሱ ገጣጣሚ ጂኖች ቢኖሩትም በተለመደው አያያዝ ተኝተው ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ በምትቆጣጠረው ፕሮሞተር (ጂንን የሚያስነሳ የዲኤንኤ ክፍል) ቀስቅሳቸው።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታይ 3 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ቀጭኑን ፈልግ። 7 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ወፍራሙ የባክቴሪያው የራሱ ፊምብሪያ (ፀጉር መሰል ክር) ነው።

አንድ ከልምድ የምነግርህ፦ ከረንት አለፈ ብለህ ቶሎ አትደሰት። በደንብ ያልታጠበ ጨውና የአየር እርጥበትም ያስተላልፋሉ። ናሙናውን በዲያሊሲስ (ጨውን በስስ ሽፋን አሳልፎ በማስወጣት) አጥራና ጎን ለጎን አሮ-5 የሚባለውን የተለወጠ ፒሊን ለካ። በሱ ላይ 5 አሮማቲክ (ቀለበት ያላቸው) አሚኖ አሲዶች አላኒን በሚባለው አሚኖ አሲድ ተተክተዋል፤ ሽቦ ይሠራል፣ የማስተላለፍ አቅሙ ግን በጣም ይወርዳል። ያንተ ሽቦና አሮ-5 እኩል ካሳዩህ የለካኸው ሽቦውን አይደለም።