«ጤፉን አጥበኸው ነበር?»፦ ለምግብ ሳይንስ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

የላቦራቶሪ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ የጤፍ ናሙና ውስጥ ያገኘሁት የብረት መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለነበረ፣ ውጤቱን ይዤ በደስታ ወደ አለቃዬ ሮጥሁ። እርሳቸው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው ካዩ በኋላ «ጤፉን አጥበኸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አላጠብሁትም። ታጥቦ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ክፉኛ ወረደ፤ ከብረቱ የሚበዛው በሬዎች እህሉን በአውድማ ላይ ሲያበራዩ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ ነበርና። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ምግብ «ይህን ያህል አለው» ሲባል ስሰማ፣ ከዚያ ውስጥ ለሰውነት የሚደርሰው ስንቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ይህን የማነሣው አብዛኞቻችሁ የመመረቂያ ርእሳችሁን አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም የሰውነትን ሕዋሳት ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይጠብቃል የሚባለው ንጥረ ነገር ላይ እያደረጋችሁ ስለሆነ ነው። ቀይ ጤፍ፣ ዘንጋዳና ሽፈራው በሙከራ ቱቦ ውስጥ የሚያሳዩት ቁጥር በእርግጥ ያስደስታል፤ ቀይ ጤፍ በፖሊፊኖል፣ ማለትም በዕፅዋት ውስጥ በሚገኘው የአንቲኦክሲዳንት ዓይነት ከነጩ የላቀ ሆኖ ሳለ በገበያ ከማኛ በርክሶ መሸጡም እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን አንቲኦክሲዳንት አቅም የዘረዘረበትን የኦራክ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሣው፣ በቱቦ ውስጥ የሚታየው አቅም በሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ማስረጃ ባለመሆኑና ቁጥሩም ለማስታወቂያ መጠቀሚያ በመሆኑ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ የበለጠ በሳንባ ካንሰር መያዛቸውን አሳይቷል። በካሮትና በጎመን ውስጥ የምናመሰግነው ንጥረ ነገር ተነጥሎ በብዛት ሲሰጥ ያው ላይሆን ይችላል።

አንዳንዱ አንቲኦክሲዳንት ሌላም ጠባይ አለው፤ ብረትን ያስራል። ለቡና አንቲኦክሲዳንትነት ሁላችንም የምንጠቅሳቸው ፖሊፊኖሎች፣ በእንጀራና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት በአንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን ወደ ሰውነት መግባት በ39 በመቶ ቀንሷል፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ። እኛ ጀበናውን የምንጥደው ገበታው ከተነሣ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። በዚህ ላይ በጾም ወራት ብረት የምናገኘው ከእህልና ከአትክልት ብቻ ስለሆነ፣ ቡናውን ከምግቡ ማራቅና በሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳልና።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የሚያልቀው በቡሃቃው ውስጥ ነው። በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን ጠፍሮ የሚይዘው ፋይቴት፣ ሊጡ በኤርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ፣ አሲዱ እየጨመረ ሲሄድ ፋይቴዝ በተባለው ኢንዛይም ይፈርሳል። በጥድፊያ ቤኪንግ ፓውደር ተጨምሮበት በዚያው ቀን የሚጋገር እንጀራ ዓይኑ ቢያምርም፣ ፋይቴቱ ለመፍረስ ጊዜ አላገኘም። ብቅል የሚያደርገውም እንዲሁ የኢንዛይም ሥራ ነው፤ በሕፃናት አጥሚት ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ሲጨመር ስታርቹን ስለሚሰብረው አጥሚቱ ይቀጥናል፤ እናትም ውኃ ሳታበዛ ተጨማሪ ዱቄት ልታስገባበት ትችላለች።

የወጥ ቤቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፦ ጎመን የተቀቀለበትን ውኃ አትድፉት፤ ነጭ ሽንኩርት ከተወቀጠ በኋላ ወደ ድስቱ ሳይገባ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ቲማቲም በዘይት ሲበስል ላይኮፒኑ፣ ማለትም ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው አንቲኦክሲዳንት፣ ከጥሬው ይልቅ ለሰውነት ይቀርባል፤ የተፈጨ በርበሬም ብርሃን በማያገኘው ዕቃ ይቀመጥ፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ቀለሙን የሚሰጠው ካሮቲኖይድም አብሮ ሄዷልና።

ርእስ ላልመረጡት አንድ ሐሳብ አለኝ። ሽሮ አይቦካም፤ እህሉ ሲቆላም የራሱ ፋይቴዝ ይሞታል፤ ስለዚህ ፋይቴቱ አብዛኛው እንዳለ ወደ ገበታ ይቀርባል። በቆልት ማዘጋጀት ግን እናቶቻችን ያውቁበታል። አተሩ ወይም ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ሁለት ቀን በቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ቢቆላና ቢፈጭ፣ ቡቃያው ያፈራው ቫይታሚን ሲ በማድረቁና በቆላው ቢጠፋም ፋይቴቱ በከፊል እንደሚቀንስ እጠብቃለሁ። ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ጣዕሙስ ባለሙያዋን እመቤት ደስ ያሰኛት እንደሆነ ለክታችሁ ንገሩኝ፤ አተሩን ግን አስቀድማችሁ እጠቡት።