መቆሚያ ያጣ የአልጌ ሞዴል

ከኮምቦልቻ የላኩልኝን ጥያቄ በጥሞና አነበብሁ። ወንዝ ከባሕር ለሚቀላቀልበት ውኃ የተዘጋጀ፣ የውኃ ጥራትን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል ተረክበው ለሎጎ ሐይቅ ሲያስኬዱት፣ አልጌው ያለ ማቋረጥ እያደገ የአልጌው ብዛት የሚለካበት አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊሉ፣ በሊትር ከ900 ማይክሮግራም ያልፋል፤ የሚቆመውም የሚመገበው ፎስፈረስ ተሟጦ ሲያልቅ ብቻ ነው። የዕድገት መጠኑን ደጋግመው ቢቀንሱም ጣሪያው የሚደርስበት ቀን ዘገየ እንጂ ጣሪያው ራሱ አልተለወጠም። ጥርጣሬዬን ያጠነከረው ይህ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ ችግሩ ያለው ከዕድገቱ ሳይሆን ከጥላው ይመስለኛል።

በመጀመሪያ በ2 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን የእኩለ ቀን ብርሃን በየቀኑ አስወጥተው ይመልከቱ። በመጀመሪያውና በ40ኛው ቀን ከላይ የገባው ጨረር እኩል ሆኖ እዚያም ያው ቁጥር ከወጣ፣ ሞዴልዎ አልጌው ራሱ ብርሃን እንደሚጋርድ አያውቅም ማለት ነው። በወንዝና በባሕር መገናኛ ውኃውን የሚያጨልመው ብዙውን ጊዜ ደለል ስለሆነ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች የብርሃኑን መዳከም በቋሚ ቁጥር አስገብተው የአልጌውን ድርሻ ዜሮ ላይ ይተዉታል። እዚያ ብዙም አይጎዳም፤ ሎጎ ላይ ግን ሁሉን ያበላሻል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል በቁጥር ላሳይዎ። ውኃውና ደለሉ ብቻቸውን ብርሃኑን በሜትር 0.5 ያዳክማሉ እንበል፤ በ2 ሜትር ላይ ከላይ ከገባው 37 በመቶው ይቀራል። በሊትር ያለው እያንዳንዱ ማይክሮግራም ክሎሮፊል 0.02 ይጨምርበት። ክሎሮፊሉ 10 ሲሆን ድምሩ 0.7 ይሆንና 25 በመቶ ያህል ብርሃን ይቀራል፤ 100 ሲደርስ ግን ድምሩ 2.5 ሆኖ የሚቀረው ከ1 በመቶ በታች ነው። የላይኛውን 10 ሜትር በአማካይ ካዩት፣ ብርሃኑ አልጌ በሌለበት ከነበረው 20 በመቶ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። አልጌው ቀንም ሌሊትም ስለሚተነፍስ፣ በዚህ ብርሃን የሚሠራው ምግብ ለመተንፈሻው ሳይበቃው ሲቀር ፎስፈረስ ገና እያለ ዕድገቱ ይገታል። ጥቅጥቅ ብሎ የተዘራ ማሽላ እርስ በርሱ ተጋርዶ እንደሚቀጭጭ ማለት ነው።

ስለዚህ ብርሃኑን በሚያሰላው መስመር ላይ ክሎሮፊሉን በ0.02 አባዝተው ይደምሩ። ያስገቡት የፀሐይ ጨረር ጠቅላላው ከሆነ በ0.45 ያባዙት፤ አልጌ የሚጠቀምበት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ብቻ ነው። የ0.5ን ምትክ ከሐይቁ ይለኩ፦ የውኃ ጥራት መለኪያ የሆነውን ነጭ ሳህን በገመድ አውርደው 1.7ን ከዓይን ለሚሰወርበት ጥልቀት በሜትር ያካፍሉ፣ ከዚያም የአልጌውን ድርሻ ይቀንሱ። በርካሽ የሚሸጠው የብርሃን መለኪያ ለሰው ዓይን እንጂ ለአልጌ የተሠራ ስላልሆነ ከእርሱ ይልቅ ሳህኑን አምናለሁ። በሚለኩበት ጊዜ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ሽፋን ካዩ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ከብትም እንዳይጠጣው ያስጠንቅቁ። ሰማያዊ አረንጓዴው አልጌ የሚያመነጨው መርዝ ውኃውን በማፍላት አይጠፋም።

ከእርስዎ በፊት የሠራው ሰው ያስገባትን «ክሎሮፊሉ ከ60 አይለፍ» የምትል መስመር ማንሣትዎ ትክክል ነው። እንዲህ ያለው ጥገና ያሳዝነኛል፤ ጣሪያው የሚቆርጠው አልጌ በውስጡ የያዘውን ፎስፈረስ ይዞ ከሂሳቡ ይሰወራልና። የገባውን፣ የወጣውንና ደለል ውስጥ የቀረውን ይዘው ጠቅላላ ፎስፈረሱን ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ ሌላ የተደበቀ ጣሪያ ይፈልጉ።

የሞዴሉን ድንበርም፣ ውኃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን፣ ይመልከቱ። ባሕሩ በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል አልጌውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ሞዴሉ በቀድሞ ቦታው አልጌውን የሚቀንሰው በዚህ ነበር። ሎጎ ከላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። ስለዚህ የአልጌው መስጠም፣ በጥቃቅን እንስሳት መበላቱና መሞቱ እያንዳንዱ በራሱ መስመር መግባት አለበት፤ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሐይቅ የሰጠመው ቶሎ ወደ ላይ አይመለስም። የኦክስጅኑ መስመር ደግሞ የባሕር ጠለል የአየር ግፊት ሳይዝ አልቀረም፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት እዚያ 9.1 ሚሊግራም በሊትር የሚይዝ ውኃ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚይዘው 7.1 አካባቢ ነው።

እነዚህን አስተካክለው ጣሪያው ካልወረደ የብርሃኑንና የጠቅላላ ፎስፈረሱን ዓምዶች ይላኩልኝ። እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ሞዴሉ ዝቅተኛ ክሎሮፊል ስላሳየ ብቻ ውኃው ይጠጣል ብለው ለማንም አይጻፉ፤ ክሎሮፊል መርዝን አይለካም፣ መርዙንም ማፍላት አያጠፋውም።